«እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ላሜ ተነፋች

የእኛ ሰው ጨዋነት ዓይን ለዓይን እስከተያየ ድረስ ብቻ ነው ብል ትቀየሙኛላችሁ? እንግዲያው ተቀየሙኝ፤ ማስረጃ አለኝ።

አንድ ቀን ቃሊቲ ላይ ከታክሲ ውረዱና ያገኛችሁትን ሰው «ወንድም፣ ሳሪስ አቦ በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የያዘውን ዕቃ መሬት ያስቀምጣል። ክንዳችሁን ይይዛል። ካወቀ ግማሽ መንገድ ድረስ ይሸኛችኋል። ካላወቀ ደግሞ «አላውቅም» ብሎ ፊታችሁን ከሚያሳፍር፣ በተሳሳተ መንገድ መርቆ ይልካችኋል። ይሄኔ ሌላ አላፊ አግዳሚ ጣልቃ ገብቶ ያርመዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ሊዳኝ ይቆማል። ሦስቱ ሲከራከሩ እናንተ መሳፈር የነበረባችሁ ታክሲ ሞልቶ ይሄዳል። ቢሆንም ተከብራችኋል... መክበር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ያንኑ ሰውዬ ስልክ አስይዙትና የቴሌግራም የሙያ ግሩፕ ውስጥ አስገቡት። ከሩቅ አገር አንድ የማያውቀው የሙያ ባልደረባው ጨንቆት ጥያቄ ይጥላል። የእኛ ጨዋ ምን ብሎ የሚመልስ ይመስላችኋል? «ይሄንንም አታውቅም?» ይላል። «ዲግሪህን ከየት ነው ያመጣኸው?» ይላል። ትንሽ ለስለስ ያለ ቀን ከሆነ ደግሞ «ከዚህ በፊት ተመልሷል፤ ወደ ላይ ውጣና ፈልግ» ይላል። ወደ ላይ... የግሩፕን መልእክት ወደ ላይ ወጥቶ ከመፈለግ ዝቋላን በእግር መውጣት ይቀላል፤ እዚያስ ቢያንስ ጠበል ይገኛል።

ይሄን ሁሉ የምላችሁ ወድጄ አይደለም። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሥራዬ ከብት ማከም ነው፤ በዲፕሎማ። ሰፈሩ «ጋሽ ዘሪሁን» ይለኛል፤ ከብቶቹ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ መርፌ ስወጋቸው ከሚያዩኝ ዓይን ስገምት ግን «ጋሽ» የሚሉኝ አይመስለኝም። ታዲያ እኔም እንደ ዘመኑ ሰው፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰባሰቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ከብት አርቢዎች የሚጠያየቁበት አንድ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ።

አንድ ቀን እዚያ ግሩፕ ውስጥ አንድ አዲስ ምሩቅ ስለ ፍየል መድኃኒት ልክ ጠየቀ። ከአንድ ሩቅ ወረዳ ብቻውን ተመድቦ፣ የሚያማክረው ሰው አጥቶ ነው። የተዥጎደጎደበትን ስድብ ልነግራችሁ አልፈልግም። ስለ ፍየሏ ማንም ምንም ሳይለው ስለ አስተማሪዎቹ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ትውልዱ በሙሉ ተነገረው። በመጨረሻ «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» ብሎ ጻፈና ከግሩፑ ወጣ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ ይቅርታ መጠየቁ ነው።

ግሩፑን የመሠረተው ሰውም አዝኖ ኖሮ በግል ጻፈልኝ፤ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ነጠላ አጣፍተው ሽምግልና የሚቀመጡ ነዎት፣ እባክዎ አድሚን ሆነው ሥርዓት ያስይዙልን አለኝ። «ሹመት ያዳብር» የሚለኝ ሰው ስላጣሁ ለራሴ ተመኘሁና ሥራ ጀመርኩ።

ያወጣሁትን ደንብ ብታዩት! ራስጌው ላይ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከዚያ ስሙንና ያለበትን አገር ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። የሚመልስ ሰው ሰላምታውን ይመልሳል፣ ጠያቂውን ወንድሜ ወይም እህቴ ይላል፣ ያጽናናል፣ ከዚያ ይመልሳል። በአንድ ቃል መመለስ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ታላቅ ባለበትም ታናሽ አይቀድምም። ይቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ ስትጻፍ በጣም ነበር የኮራሁባት፤ ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት።

እኔ ራሴ አርአያ ለመሆን ብዬ የምጽፈውን መልስ ባለቤቴ ስንቅነሽ አንድ ቀን በትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። ላሙ ታማበት ለጠየቀ አንድ የወሎ ሰው ነበር። «የተከበርክ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለጤናህ እንደምን አለህ? ቤተሰብስ? ከብቶቹስ? ላሚቱስ እንዴት ናት?» ይላል።

«ላሚቱ እንዴት እንደሆነችማ ጽፎልሃል» አለችኝ። «ታማለች።»

ስንቅነሽ እንዲህ ናት፤ ቀልድ አታውቅም ግን ታስቃለች። ግሩፑ ውስጥም ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ እንዲያው የምጽፈው ነገር ላይ የልብ ምልክት የሚያደርግልኝ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ። አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም ነበር።

እናም ግሩፑ ገነት ሆነ። ስድብ ጠፋ፣ ምርቃት ነገሠ። ችግሩ ምን መሰላችሁ... የሠርግ ቤት በር ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲገናኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይግቡ» «የለም እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ በሞቴ» ሲባባሉ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ በፀሐይ ሲጠበስ? ግሩፑ ያንን በር ሆኖ አረፈው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ከእኔ የበለጡ ታላላቆች ስላሉ እነሱ ይቅደሙ» እያለ ቆሞ ይጠብቃል። ታላላቆቹ ደግሞ «ከእኔ ይልቅ ዶክተሮቹ» ይላሉ፤ ዶክተሮቹም «ልምድ ይበልጣል፣ ጋሽ ዘሪሁን ይናገሩ» ይላሉ። ዶሮ የሳለችበት አንድ ሰው እንዲህ ሲጠብቅ ሰነበተና አንድ ቀን ጠዋት «ዶሮዋ አርፋለች» ብሎ ጻፈ። ግሩፑ ወዲያው ወደ ለቅሶ ቤት ተለወጠና «እግዜር ያጽናህ» ሲባል ዋለ። እኔም «ፈጣሪ ሌላ ይተካልህ» ብያለሁ። በሥርዓታችን ኮርቼ ነበር።

ይሄን ገነት የምትበጠብጥ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ሐረግ ይላል፤ ፎቶ የላትም። አርሲ በኩል ያለች የእንስሳት ዶክተር መሆኗን አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ማንም ስለ እሷ አያውቅም፣ ምክንያቱም ስለ ራሷ ተናግራ አታውቅም። ሰላም አትልም። ወንድሜ አትልም። ጥያቄ እንደመጣ፣ ታላቅ ታናሽ ሳትል፣ ከሁሉ ቀድማ በአንድ ቃል ትመልሳለች። አንድ ሰው ከጥጃነቱ ጀምሮ ስላሳደገው በሬ ልብ የሚነካ ነገር ጻፈ፤ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል ይላል። ሁላችንም ልናጽናናው እየተሰናዳን ሳለ ሐረግ፦ «ይታረድ።»

በግል ጻፍኩላት። እህቴ ሐረግ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ ዕውቀትሽን አከብራለሁ፣ ነገር ግን መልካም ቃል ከመድኃኒት ይቀድማል፣ ጠያቂው የሰው ልጅ ነው... እያልኩ ረጅም ምክር ሰጠኋት። «እሺ» ብላ መለሰች። በማግሥቱ አንዲት እናት ስለ ጥጃቸው ሲጠይቁ «አይድንም» አለቻቸው። ትዕግሥቴ አለቀ። በአድሚንነት ሥልጣኔ፣ ማንበብ እንጂ ግሩፑ ላይ መጻፍ እንዳትችል አድርጌ ዘጋሁባት። ዲፕሎማ ያለው ሰው ዶክተር ዘጋ፤ ሹመት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ቤታችን ውስጥ ሻሼ የምትባል አንዲት የወተት ላም አለችን። «አንዲት ላም» ስላችሁ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሱቄ ውስጥ ከብት አርቢው ሁሉ እየመረቀ በዱቤ ይወስዳል፤ ሻሼ ግን በዱቤ አትታለብም። የልጆቻችን ደብተር፣ ጫማና ትምህርት ቤት የሻሼ ነው። ስንቅነሽ «ባሌ ከብት ያክማል፣ ላሜ ቤት ታስተዳድራለች» እያለች ነው ለሰው የምታስተዋውቀን። ሻሼ ወደቀች ማለት ቤታችን ወደቀ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሳሪስ ገበያ አንድ ማዳበሪያ የጎመን ቅጠል አስጭኜ መጣሁና ሻሼ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስንቅነሽን ቀስ እያልሽ ስጫት ልላት አስቤ ነበር... ግን ቸኩዬ ነበር። የወዳጄ ልጅ አንዲት የሳሪስ አቦ ልጅ ወዶ ኖሮ፣ ለሽምግልና ተመርጫለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ ስልካችንን እንድንዘጋ አዘዙን። ባለፈው ጊዜ አንደኛው ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ ስልካቸው በጭፈራ ዘፈን ጮኾ ነገሩ ሊበላሽ ነበር አሉ። ስልኬን አጠፋሁት። ከዚያ ገባን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። የልጅቷ አባት ደግሞ ከእኛ የባሱ ጨዋ ኖረዋል። እንግዳ ቆሞ እኔ አልቀመጥም ብለው እሳቸውም ቆሙ። አያት ተጠሩ፣ አጎት ተጠራ፣ ሁሉም ቆመ። ያን ቀን የቆምነውን ያህል ዘብ ጠባቂ አይቆምም። በመጨረሻ ነገሩ ተሳካ፣ ተመረቀ፣ ተበላ። እምቢ ስንል ጉረሱ ተባልን፤ ስንጎርስ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባልን። ከዚያ ቤት ስንወጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። መልእክት እንደ በረዶ ወረደ። ግሩፑ ነው። ስከፍተው ዓይኔ ያረፈው ሰላምታ ላይ ነው፤ ከሥሩም ሰላምታ፣ ከሥሩም ሰላምታ። «እህቴ እንደምን ዋልሽ» «የተከበሩ እናቴ ሰላምዎ ይብዛ»። ልቤ በደስታ ሞላ። እንዲህ ነው ሕዝብ ማስተማር እያልኩ ፈገግ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ይሄ ሁሉ ክብር ለማን እንደሆነ ለማየት። የመጀመሪያውን መልእክት አገኘሁት።

«ለተከበራችሁ የዚህ ግሩፕ አባላት በሙሉ፣ እንደምን ዋላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስሜ ስንቅነሽ ይባላል። የምጽፈው ከአቃቂ ነው። ላሜ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ መተንፈስ አቅቷታል። ምን ላድርግ?»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቤቴ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ከብት ያለ ባለሙያ አይነካም ብዬ የሰበክሁት እኔ ነኝ። ስንቅነሽ ሻሼን ማለብ እንጂ ማከም አልተፈቀደላትም። የሌሎች ሐኪሞች ስልክ ደግሞ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ፣ ባጠፋሁት ስልክ ላይ ነው። ምን ታድርግ? ባሏ ያከበረው ግሩፕ ትዝ አላት። ሰላምታውንም ያንን ያህል ያስረዘመችው በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሥርዓት አጓደልሽ ብሎ ባሌ እንዳይዘጋኝ ብላ ነው።

መልሶቹን ላንብብላችሁ። አንዱ እንደምን ዋልሽ እህቴ፣ እግዜር ይማራት ይላል። ሌላው አይ የላም ነገር፣ እኔም አምና እንዲህ ሆኖብኝ አልቅሻለሁ ይላል። ሦስተኛው፣ ይሄ አጣዳፊ ነገር ስለሆነ ታላላቆች ቶሎ ይቅደሙ ይላል። አራተኛው፣ እህቴ አቃቂ ከሆንሽማ ምን ቸገረሽ፣ እዚያው በሰቃ ጋሽ ዘሪሁን አሉልሽ ይላል። ስንቅነሽ መለሰች፦ «ጋሽ ዘሪሁን ባሌ ነው። ስልኩን ዘግቶ ሽምግልና ሄዷል። ላሟም የእሱ ናት። እባካችሁ።»

ወይኔ! ይሄን ባትጽፍ ይሻላት ነበር። ከዚያ በኋላማ ግሩፑ እንዳለ ከመቀመጫው ተነሣ። የጋሽ ዘሪሁን ባለቤት ኖረዋል እንዴ! እንደምን ዋሉ እትዬ! ልጆቹ ደህና ናቸው? ጋሽ ዘሪሁንስ ወገባቸውን ተሻላቸው? አንዱማ ድሮ ሱቃችን መጥቶ ስንቅነሽ ውኃ እንዳጠጣችው እያስታወሰ፣ ያስታውሱኛል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ስለ ሻሼ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተናገረውም፦ «በጋሽ ዘሪሁን ላም ላይ እኔ አፍ ብከፍት ድፍረት ይሆንብኛል።» ከሥሩ ብዙ ሰው «ልክ ነህ» ብሎ ልብ አድርጎለታል።

እስቲ ፍረዱ። ያ ሁሉ ሐኪም አለ። እያንዳንዱ መልሱን ያውቀዋል፤ አንደኛ ዓመት ላይ የሚማሩት ነገር ነው። ለእኔ ክብር ሲል ዝም አለ። የስንቅነሽ የመጨረሻ መልእክት አንዲት መስመር ናት፦ «ልትወድቅብኝ ነው።» ከዚያ በኋላ ከእሷ ምንም የለም።

ደወልኩ፤ ስልኳ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። ታክሲው ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ሹፌሩን ንዳው አልኩት፤ በማን ላይ ልንዳው ብሎ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነው። ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ፤ ከዘራዬን ይዤ፣ ነጠላዬ እየተጎተተ። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ጋሽ ዘሪሁን፣ እንደምን ዋሉ?» ይለኛል። አንዱ እጁን ዘርግቶ አላሳልፍ አለኝ፤ ገፍቼው አለፍኩ። በሕይወቴ ሰላምታ ሳልመልስ ሳልፍ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ አገኘሁ። ውስጡ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሻሼ እግሯን ዘርግታ፣ ስንቅነሽ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እኔ ከከዘራዬ ጋር በሩ ላይ ቆሜ።  

በሩን ከፍቼ ስገባ ያየሁትን ነገር ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሻሼ የፊት እግሮቿን ለግንብ ያስቆለልኩት የአሸዋ ክምር ላይ ሰቅላ ቆማለች። አፏ ውስጥ አንድ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ልጓም ገብቶ በገመድ ከቀንዷ ጋር ታስሯል፤ እሷም እንጨቱን እያኘከች ለሃጯ ይንጠባጠባል። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ የገመዱን ጫፍ ይዘው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል፤ ባቡር አይፈሩም፣ ላም ግን ይፈራሉ። ስንቅነሽ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ ዘይት በዘይት ሆና፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ፣ በሁለት እጇ የሻሼን ግራ ጎን ጫን ለቀቅ ታደርጋለች።

ይሄኔ ሻሼ አገሳች።

ከብት ሲያገሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ረጅም፣ ወፍራም፣ የጎመን ሽታው ሰፈር የሚያጥለቀልቅ ግሳት ነበር። ጋሽ ደምሴ ገመዱን ጥለው አማተቡ። ስንቅነሽ በስልኩ «ሰማሽው?» አለች። እኔ አሸዋው ላይ በነጠላዬ ቁጭ አልኩና እንባዬ መጣ። ከምርቃትም ከዘፈንም ያንን ያህል ጆሮዬን ደስ ያሰኘ ነገር የለም፤ ይቅርታ እንኳ ሳይጠየቅበት።

ነገሩን ስንቅነሽ እጇን እየታጠበች ነገረችኝ፤ ለካስ ሻሼ ያን ማዳበሪያ ጎመን ብቻዋን ሙልጭ አድርጋ በልታዋለች። ግሩፑ ሲሳለማት ሳለ ከአንዲት ፎቶ ከሌላት ሴት በግል መልእክት መጣላት። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። «ስልክሽን ላኪ» ይላል። ላከች፤ ወዲያው ተደወለ።

«ዘይት አለሽ?»

«አለኝ... ማን ልበል?»

«አምጪው።»

ዘይት እንደ ሽቶ ተቆጥቦ በሚንጠባጠብበት በዚህ ዘመን፣ ስንቅነሽ የቤቱን ዘይት በሙሉ ይዛ መጣች። በጠርሙስ አድርጊው፣ ከጥርሷ ጎን ቀስ ብለሽ አጠጫት፣ አንገቷን ሽቅብ አትጠምዝዢ ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ የፊት እግሯን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሚ፣ እንጨት አጉርሻት። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ፤ «እባክሽ» የለ፣ «እህቴ» የለ። ስንቅነሽ መሀል ላይ ቆጣ ብላ ምን እንዲህ ያጣድፍሻል ስትላት፣ ሴትየዋ አንድ እጄ የምትወልድ ላም ውስጥ ነው፣ ስልኩን የያዘልኝ ባለ ላሙ ነው፣ ቶሎ በይ አለቻት። ለካስ የአንድ ቃል መልሶቿ ሁሉ በአንድ ጣት የተጻፉ ናቸው።

«ከዚያ ሻሼ ጉልበቷ ሲከዳት አለቀስኩ» አለችኝ ስንቅነሽ። «ሞተችብኝ አልኳት። ያቺ ቁጡ ሴት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አይዞሽ። እስክታገሳ ስልኩን አልዘጋም።› አልዘጋችውም። እዚያ ማዶ ጥጃው ሲወለድ ሰምቻለሁ፤ እሷም እዚህ ማዶ ሻሼ ስታገሳ ሰማች።»

ስሟን ጠይቀሻታል ወይ አልኳት፤ ልቤ አስቀድሞ አውቆታል። ሐረግ አለችኝ።

እንግዲህ ያቺን ልብ የሌላት፣ ጨዋነት ያልፈጠረባት ብዬ አፏን የዘጋሁባትን ሴት አስቧት። ግሩፑ ላይ መጻፍ አትችልም፤ ዘግቼባታለሁ። ዘግቼባት ሳለ የእኔን ስም አይታ፣ የእኔ ላም መሆኗን አውቃ፣ ይበለው ሳትል በጓሮ በር መጣች። እኔ ብሆን ኖሮ... ተዉት፣ እኔን አትጠይቁኝ።

ስልኩን ወስጄ ደወልኩላት። በልቤ ያሰናዳሁት ይቅርታ የሽምግልና ንግግር ያህላል። «ዶክተር፣ ዘሪሁን ነኝ፤ የስንቅነሽ ባል። እንዲያው በምን ቃል...» ብዬ ስጀምር፣

«ጎኗ ጎደለ?» አለችኝ።

«ጎድሏል።»

«ለጥቂት ቀን ጎመን አይስጧት።» ቀጥላም «ባለቤትዎ ጎበዝ ናቸው» አለችና ዘጋችው። ይሄው ነው። ግን ይሄን ለስንቅነሽ ስነግራት እንደ ሙሽራ ደስ ብሏት አመሸች ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ስንት ዓመት ስመርቃት እንዲያ ፊቷ በርቶ አያውቅም።

ወዲያው ሐረግን ከፈትኩላት። ደንቡንም አነሣሁትና በአጭሩ ጻፍኩ፤ አትሳደቡ፣ የምታውቁትን ቶሎ ተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ ተሳለሙ አልኩ። ለግሩፑም ሻሼ መዳኗን አበሰርኩ። አቤት እልልታው! ምርቃቱ ጎረፈ፣ አበባው ጎረፈ። ያ «በጋሽ ዘሪሁን ላም ላይ አፍ መክፈት ድፍረት ነው» ያለው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ፣ ዘይት እንደሚያድናት እኮ አውቄው ነበር ብሎ ጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከየት እንደሆነ እንኳ ሳይጽፍ፣ አህያው መርዛም ነገር በልታ መንቀጥቀጥ እንደጀመረች ጠየቀ። ሰላም አላለም፤ ስሙን አልተናገረም። ከእንኳን ደስ አለዎቱ ሥር ተቀብሮ ሊቀር ነበር። እኔም ከልማድ የተነሣ ጣቴ ብቻውን «የተከበርክ ወንድሜ፣ እንደምን» ብሎ መጻፍ ጀምሯል። ስንቅነሽ በትከሻዬ ላይ ሆና አየችኝ። ዘይት ያልለቀቀው እጇን ዘርግታ የጻፍኩትን አጠፋችውና ስልኩን መለሰችልኝ።

«አህያዋን በል» አለችኝ። «እንደምን ዋልክ አትበለው፤ ደህና አልዋለም።»